ማሞቂያውን ከሳበች በኋላ

ከይምርሐነ ክርስቶስ የጥድ ደን በላይ የሞተሩ ድምፅ ይቆራረጥ ጀመር። ሰልጣኟ የትናየት በጭጋጉ ጠርዝ ሲበሩ ስለቆዩ ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር በረዶ ሳይሠራ እንደማይቀር ገመተችና የማሞቂያውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ሳበችው። ሞተሩ ግን ባሰበት። ትንሿ አውሮፕላን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ተንቀጠቀጠች፤ ከፊታቸው ያለው ገደልም እየቀረበ መጣ።

«መልሺው!» አላት አሰልጣኟ ምሥጋናው።

«ካፒቴን፣ በረዶው ሲቀልጥ መጀመሪያ ይብስበታል ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«መልሺው ብዬሻለሁ! ልታጠፊው ነው!» እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

የትናየት ቀድማ የእጁን አንጓ ያዘችው። ታላቋም መምህሯም ነበር፤ እንዲህ ደፍራው አታውቅም። በግራ እጇ መሪውን ይዛ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ሸለቆው ዝቅ አደረገች። ሞተሩ ጭራሽ ዝም አለ፤ የነፋሱ ፉጨት ብቻ ተሰማ። ከታች ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ቀና ብለው ሲያዩዋቸው ፊታቸው ሳይቀር ታያት። «ተሳስቼ ይሆን?» አለች በልቧ፤ ግን እጁን አልለቀቀችም።

ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንደቀደቀና የቀለጠውን የበረዶ ውኃ ውጦ ጨርሶ እንደ ወትሮው ማጓራት ጀመረ። መሬቱ ቀስ በቀስ ራቃቸው።

«ይቅርታ ካፒቴን» ብላ እጁን ልትለቅ ጣቶቿን አላላች።

«አትልቀቂኝ» አላት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፤ «እስክናርፍ ድረስ ምንም እንዳልነካ።»