ወፍራሙ ክር

«ምረጥ እንጂ አንዳርጋቸው! አንዱ ላንተ፣ አንዱ ለጎንደሮቹ ቡድን ነው» አለ ሾፌሩ አምባቸው፣ ሁለት እሽግ የቤዝ ጊታር ክር ጠረጴዛው ላይ እየጣለ። ከአዲስ አበባ ድረስ ከመቀመጫው ሥር ወትፎ ያመጣቸው ናቸው። የጭነት መኪናው በፋብሪካው አዳራሽ በር ላይ ሞተሩ እንደተነሣ ቆሟል።

የፋብሪካው ኪነት ቡድን ቤዝ ተጫዋች አንዳርጋቸው ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። ከፋሲካ ጀምሮ የጠበቀው ይኸን ነው። አንደኛው እሽግ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንዲያው ወዲያው የሚገጠም ነበር። ሁለተኛው ወፍራም ነው፤ በእጁ ሲያነሣው ከበደው።

«ቀጭኑን ያዝ» አለ የኪነት ቡድኑ ኃላፊ ጓድ አገኘሁ ከመድረኩ ላይ። «ጊታሩ የለመደው እሱን ነው።»

ሙሉነሽ የታናን ነፋስ በጀርባዋ ይዛ ከመስኮቱ ሥር ቆማለች። የፈተል ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ድምፅዋ ከወንዶቹ ይወፍራል። ቡድኑ በለመደው ቅኝት ስትዘፍን ጉሮሮዋ ይታነቃል። በእሷ ልክ ዝቅ ሲሉላት ደግሞ ቀጭኑ የቤዝ ክር ይላላና ከአንገቱ ብረቶች ጋር እየተጋጨ ይንጫጫል። ለአብዮት በዓል በእሷ ቦታ ሌላ ዘፋኝ እንዲተካ ጓድ አገኘሁ ሊወስን የቀረው ዛሬ ብቻ ነው።

«ቀጭኑን ከያዝሁ እሷ አትዘፍንም» አለ አንዳርጋቸው።

«ከፍ ትበላ! ሴት አይደለችም እንዴ?»

«ሞክሬ ነበር ጓድ» አለች ሙሉነሽ። «ከፍ ስል እኔ አይደለሁም፤ ሌላ ሰው ነው የሚጮኸው።»

አንዳርጋቸው ወፍራሙን ብድግ አደረገ። ቀጭኑን ለአምባቸው ወረወረለት። ሾፌሩ አየር ላይ ቀለበውና እየሳቀ ወጣ፤ መኪናው እያጓራ ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ ተሰማ።

አንዳርጋቸው ከአራቱ የመጨረሻውን፣ ከሁሉም የሚወፍረውን ክር ዘረጋ። አልገባም። በጊታሩ አንገት ጫፍ ክሩ የሚያርፍባት ስንጥቅ ጠበበችው።

«አላልሁህም?» አለ ጓድ አገኘሁ።

አንዳርጋቸው ከጥገና ክፍል ያመጣትን ትንሽ ሞረድ ከኪሱ መዘዘ።

«ምን ልታደርግ ነው? የመንግሥት ንብረት እኮ ነው! ቢሰበር ማን ሊጠየቅ ነው?»

«እኔ ልጠየቅ።»

ሞረደ። ነጭ ዱቄት ጣቱ ላይ ረገፈ። እፍ አለና ሞከረው፤ ገና ነው። እንደገና ሞረደ። እጁ እንዳይስት ትንፋሹን ያዘ፤ ሙሉነሽም አብራው ያዘች። ከዚያ ክሩ ቀጭ ብሎ ስንጥቋ ውስጥ ተቀመጠ።

«በይ ድምፅሽን ስጭኝ» አላት።

አፏን ሳትከፍት አንጎራጎረች። እሱ ክሩን እየመታ መቃኛውን አላላ። ድምፁ ወረደ፤ አሁንም ወረደ፤ ክሩ ግን አልተንጫጫም። ከእሷ ጋር ሲገጥም የአዳራሹ ጣውላ ከእግራቸው ሥር ነዘረ። አንዳርጋቸው ድምፁን ከጆሮው ይልቅ በጎድኑ ሰማውና እንደ ልጅ ሳቀ።

ሙሉነሽ ዘፈነች። ዓይኗን ጨፍና፣ ሳትጣደፍ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠች ዘፈነች። ጓድ አገኘሁ ሊናገር አፉን እንደከፈተ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ስትጨርስ፣ «እስቲ ድገሚው» አላት በቀስታ።

እሷ ግን ወደ አንዳርጋቸው ተጠጋች።

«ዝቅ በል» አለችው።

«ምነው? አልገጠመሽም?»

«ገጥሞኛል» አለች። ጉሮሮዋን በመዳፏ ያዝ አደረገች፤ ራሷም የተገረመች ትመስላለች። «ግን ገና ነው። ከዚህም በታች አለሁ።»