በትኩሳት የተቀዳ ካሴት

ቼቼፕ ልምምዱን የሚያደርገው አፉን ትራስ ውስጥ ቀብሮ ነበር። በባንዱንግ ከተማ ዳርቻ፣ ኡጁንግብሩንግ በተባለ ሰፈር ከጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ ያለው ቤታቸው ግድግዳው ስስ ጣውላ ነው። ዴዝ ሜታል በሚባለው ከባድ የሮክ ሙዚቃ ደግሞ ድምፃዊው አይዘፍንም፤ ከሆዱ ያጓራል።

ከግድግዳው ወዲያ ታናሽ እህቱ ሊሊስ የተማሪ ደብተር ታርማለች። የሃይማኖት ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ድምፅዋ ከማነሱ የተነሳ የኋላ ወንበር ተማሪዎች ሁልጊዜ «አልሰማንም» ይሏታል። የወንድሟን ግጥሞች እንግሊዝኛ የምታስተካክለውም እሷ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1997 የቼቼፕ የሙዚቃ ባንድ ስድስት ወር ጠብቆ ለአንድ ቀን ስቱዲዮ አገኘ። ያን ቀን ቼቼፕ ታይፎይድ ያዘው። ሁለት ዘፈን እንደቀዳ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ሊሊስ ገንፎ ይዛለት ሄዳ ነበር። እሷና ከበሮ መቺው ኦማን ማታ ተሸክመው ወደ ቤት አመጡት።

በሦስተኛው ቀን ሲነቃ ኦማን ካሴቱን ይዞ መጣ።

«ስምንቱም ዘፈን አልቋል፣ ካንግ።» ካንግ ማለት ታላቅ ወንድም ነው፤ ታናናሾቹ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሉት።

«ከሁለተኛው በኋላ ምንም አላስታውስም።»

«በዚያ ትኩሳት የት ታስታውሳለህ?»

አብረው ሰሙት። ከሦስተኛው ዘፈን ጀምሮ ክፍሉ የተንቀጠቀጠ መሰለ።

«ይሄ አንተ ነህ?» አለች እናታቸው። «እኔ የሚታረድ ጎሽ መስሎኝ!»

ቼቼፕ ሳቀ። በዚያው ሳምንት ሊሊስም ጉሮሮዋ ተዘግቶ ከሥራ ቀረች፤ በሽታው ወደ እሷ ዞረ ተባለ።

ካሴቱ ከጃካርታ አልፎ ማሌዥያ ደረሰ። ባንዱ ከከተማ ከተማ ተጠራ። በየመድረኩ ግን ካሴቱ ላይ ያለው ድምፅ ከቼቼፕ አልወጣ አለ።

«አንተ! ነብሩን ቤት ዘግተህበት ድመቱን ነው ያመጣህልን?» እያሉ ታዳሚዎቹ ይጮኹበት ነበር።

አንዳንዱ ድምፁን ያጠፋው መጠጥ ነው አለ። ብዙው ግን ኦማን ድምፁን በማሽን አወፍሮታል አለ። ቼቼፕም መጠርጠር ጀመረ። አንድ ቀን ኦማንን ቤት ጠርቶ አፋጠጠው።

«እውነቱን ንገረኝ፤ ማሽን ከሆነ ሙዚቃውን እተወዋለሁ። የልብስ ሱቅ እከፍታለሁ። ማሽን ነው?»

ሊሊስ ሻይ እየቀዳች ነበር። ኦማን እሷን አየ፤ ከዚያ ቁርአን አስመጥቶ እጁን ጫነበት።

«ወላሂ፣ ማሽን የሚባል አልነካውም። ከሰው ጉሮሮ እንደወጣ ነው የተቀዳው።»

ቼቼፕ በደስታ አቀፈው። የልብስ ሱቁ ነገር በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ በቀን አራት ሰዓት ያጓራ ጀመር። ትራሱ ላይ ደም ታየ። ሐኪሙ እንዲያቆም ነገረው።

«ያን ድምፅ አንዴ አግኝቼዋለሁ፤ እዚሁ ውስጤ ነው ያለው» አለ አንገቱን እየነካ።

«ካንግ፣ ያ ካሴት…» አለች ሊሊስ።

«ካሴቱ ምን ሆነ?»

«ምንም። ሻይህ ቀዘቀዘ።»

ኦማን ባንዱን ትቶ ፋብሪካ ገባ፤ ሌሎቹም ተበተኑ። ቼቼፕ ብቻውን ዘጠኝ ዓመት ቀጠለ። በአሥረኛው ጉሮሮው ውስጥ ዕጢ ተገኘና ሐኪሞች ቀድደው ማንቁርቱን ከነድምፅ ጅማቱ አወጡለት። አሁን የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ ባለ ቀዳዳ ነው።

ዛሬም ከሰዓት በኋላ ካሴቱን ይከፍታል። የሚናገረው በጽሑፍ ነው። ባለፈው ሳምንት ለሊሊስ «ለአንድ ቀንም ቢሆን እንዲህ ነበርኩ» ብሎ ጻፈላት። እሷም አነበበችና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ሊሊስ እኔ ነኝ፤ ከሦስተኛው ዘፈን ጀምሮ የሚያጓራውም እኔ ነኝ።