የጠፋው ናሙና

«ናሙናው ጠፍቷል፤ ሌላ ያምጡ» አሉት የመንገድ ሥራ ቢሮው ኃላፊ አቶ ይርዳው፣ ከወረቀታቸው ቀና እንኳ ሳይሉ።

መሐንዲሱ ይህን ሲሰማ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ከነዳጅ ማከማቻ ታንከሮች ተጠርጎ የትም የሚደፋውን ጥቁር አተላ ከጠጠር ጋር አዋህዶ ለመንገድ ንጣፍ የሚሆን ጡብ ሠርቷል። በየዓመቱ አንድ አንድ እያስረከበ፣ ውጤቱን ሊጠይቅ ሲመላለስ የጫማው ሶል አለቀ።

«ጌታዬ፣ አንዴ እንኳ ቢፈተሽልኝ?»

«ምኑ ይፈተሻል? አተላ መቼ መኪና ተሸክሞ ያውቃል?»

ንዴቱን ዋጥ አድርጎ ወጣ። ግቢው ውስጥ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አሸዋ የጫነ የቢሮው አሮጌ መኪና ቆሟል። ጎማው ሥር የተወሸቀውን ጥቁር ነገር በብስጭት ሊጠልዘው እግሩን ሲያነሳ ሾፌሩ ከጥላው ሥር ብድግ አለ።

«ኧረ ጌታዬ፣ እሱን እንዳይነኩብኝ! የመኪናው የእጅ ፍሬን ከሞተ ቆየ። ድንጋይ ባደርግለት እየተፈረከሰ አስቸገረኝ። ይኼ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ከነጭነቱ ይዞልኛል፤ ንቅንቅ የለም።»

መሐንዲሱ ቁጢጥ ብሎ አቧራውን በመዳፉ ጠረገው። የገዛ እጅ ጽሕፈቱ ብቅ አለ፦ «ናሙና ቁጥር አንድ»።

«ለሦስቱ ጎማ ተሟልቶልኛል፤ የቀረኝ ለአንዱ ብቻ ነው» አለ ሾፌሩ። «እሱንም አቶ ይርዳው፣ ታገሥ፣ ሌላ ይመጣልሃል ብለውኛል።»