ሰባተኛው ድንጋይ

የትክል ድንጋዮቹን ጥበቃ ዶክተር ልሳነወርቅ የሰደቡት የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ በኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የልጆቹን ልደት ይረሳል፤ ያቺን ሰዓት ግን አልረሳም። ስለ ድንጋዮቹ ሊነግራቸው አፉን ቢከፍት፣ "ከአንተ ድንጋዩ ይሻላል፤ እሱ ታሪክ አለው!" አሉት። አኩርፎ ጥጉን ያዘ። እሳቸውም ጭቃውን ፈርተው ከመኪናቸው ሳይወርዱ፣ በጉም ውስጥ ፎቶ አንስተው ሄዱ።

ዘንድሮ መጽሐፍ ጽፈው፣ እንግዶች አስከትለው መጡ። ድንጋዮቹን ቆጠሩና ጮኹ።

"አንተ! ሰባተኛው የታለ? ሸጥከው?"

"ኧረ ጌታዬ፣ ድሮም ስድስት ናቸው።"

"ፎቶው ይኸው! ካላመጣኸው ዛሬውኑ ትባረራለህ!" ወደ እንግዶቹም ዞረው፣ "ከሁሉ የከበረው እሱ ነበር። አጎንብሶ የተተከለው ለትሕትና ነው፤ የጥንት ሰዎች እፊቱ እየሰገዱ ስለት ይሳሉ ነበር" አሏቸው።

ጥበቃው ፎቶውን ተጠግቶ አየ። ከሰልፉ ጫፍ፣ ግራጫ ብርድ ልብሱን እስከ አናቱ ተከናንቦ፣ አኩርፎ የተቀመጠው እሱ ራሱ ነው።

ሚስቱ እንኳ አንድ ቀን እንዲህ አመስግናው አታውቅም።

"ተናገር እንጂ! የት አደረስከው?"

ዱላውን ስድስተኛው ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ ግራጫ ብርድ ልብሱን ሊያመጣ ወደ ቤቱ አቀና።