ያው ክፍል

ዊብኬ ከመታጠቢያው ስትወጣ አልጋው ባዶ ነው። «ሃውኬ?» አለች። መጋረጃውን ገለጠች፤ ቁም ሳጥኑን ሳይቀር ከፍታ አየች። የባሏ ካፖርት የለም፣ ጫማውም የለም። የበሩ ካርድ ግን ግድግዳው ላይ፣ መብራት የሚያበራው ማስገቢያ ውስጥ እንደተሰካ ነው። ያለ እሱ ተመልሶ መግባት አይችልም።

ምን ጸጉር መታጠብ አማረኝ! ብላ ራሷን ረገመች። ዞር ስል እንደሚወጣ እያወቅሁ!

ይህን ሆቴል የመረጠችው እሷ ናት። ልጃቸው ጌሼ በስልክ ጮኻባት ነበር። «እማዬ ደግሞ! ሃምቡርግ ውስጥ ስንት የሚያምር ቦታ እያለ? ውሃው ዳር አንዲት ትንሽዬ ሆቴል አለች፣ ቁርሱን ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት። ምን ሆናችሁ ነው ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው ሳጥን የምትገቡት? የትም ከተማ ብትሄጂ እኮ ክፍሉ ያው ነው!»

«እኔም ያው መሆኑን ነው የወደድኩት» ብላ ዘጋቻት። ለምን እንደሆነ ግን ትንፍሽ አላለችም።

ሃውኬ ዕድሜውን ሙሉ የላም ማለቢያ ማሽን ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ብሬመን ይሂድ ካሰል፣ የሚያድረው ይኸው የሆቴል ድርጅት በየከተማው አንድ ዓይነት አድርጎ ባሠራቸው ሆቴሎች ነበር፤ ሁልጊዜ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ አጠገብ፣ መታጠቢያው በስተግራ፣ ቁም ሳጥኑ በስተቀኝ። ከክረምቱ ወዲህ የገዛ ቤቱ መጸዳጃ ይጠፋበት ጀምሯል። ትናንት እዚህም አራተኛ ፎቅ ሲገቡ ግን መብራት እንኳ ሳያበራ ቀጥ ብሎ ሄዶ እጁን ታጠበና፣ «አየሽ? አንቺ ነሽ እንጂ እኔ ምንም አልሆንኩም» ብሎ ሳቀባት። ደስ ብሏት ተደብቃ አለቀሰች። ዛሬ የጌሼ ልጅ ሠርግ ነው። ይህቺን አንዲት ቀን ማንም ሳያውቅበት ካለፉ፣ መጦሪያ ቤት ይግባ የሚለው ወሬ ለጊዜው አይነሳም። እሱን ለሰው እጅ መስጠት እንደ ሞት ነው የምትፈራው።

ሊፍቱን መጠበቅ አቅቷት በደረጃ ወረደች። እንግዳ ተቀባይዋ አረንጓዴ ሻርፕ ያሰረች ልጅ ናት።

«ባለቤቴን አይተሽዋል? ረጅም ሽማግሌ፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰ?»

«አዎ፣ ወይዘሮ ፔተርሰን፣ ዳቦ ልግዛ ብለው ወጡ። ቁርስ እኮ አለን ብላቸው፣ ‹የእናንተ ዳቦ ጎማ ነው፣ ሚስቴ አትበላውም› ብለው አሳቁኝ። ሲያወሩ ደግሞ እንዴት ይጣፍጣሉ!»

ይጣፍጣል፣ ምን ያደርጋል! ሰው ሁሉ የማይነቃበት ለዚሁ ነው።

ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ነው። ሻጩ ከጸጉሯ የሚንጠባጠበውን ውሃ እያየ፣ «አዎ፣ ገዝተው በጣቢያው ውስጥ አቋርጠው ሄዱ» አላት። ዊብኬ ወደ ጣቢያው ዞረች። ሻንጣ የሚጎትተው ሕዝብ መዓት ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው ማዶ፣ ከጣቢያው ጣሪያ በላይ፣ ያው የሆቴላቸው አረንጓዴ ምልክት ቆሟል። የዚያው ድርጅት ሌላ ሆቴል!

ክፍል ስትይዝ ጠይቀዋት ነበር እኮ፤ «ከጣቢያው ወዲህ ያለው ይሁን ወዲያ?» ብለው። «ሁሉም አንድ አይደል? ደስ ያላችሁን ስጡኝ» ብላ ቀልዳለች።

እየተጋፋች፣ እየተሰደበች ሮጠች። በሩን ገፍታ ስትገባ ያው ምንጣፍ፣ ያው ወንበር፣ አረንጓዴ ሻርፕ ያሰረች ሌላ ልጅ። ለአፍታ እሷም የት እንዳለች ጠፋት፤ በዚያች አፍታ እሱ የሚኖርበትን ፍርሃት ቀመሰችው። ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ሊፍቱ ሄደች፤ አራተኛውን ተጫነች።

ሃውኬ እዚያ ነው፤ ሊፍቱ አጠገብ፣ የሌላ ሰው በር ላይ። የዳቦውን ከረጢት በብብቱ ይዞ፣ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ በመዳፉ ይመታል። «ክፈቺልኝ እንጂ! ምነው ዝም አልሽኝ?» ድምፁ የልጅ ሆኗል።

«ሃውኬ!» አለች። ተመስገን፣ ተገኘ!

ዘወር አለ። «እፎይ፣ ሰው መጣልኝ! እባክዎ እህቴ፣ ይርዱኝ። ሚስቴ ውስጥ ናት። ሌላ ጊዜ ገና ኮቴዬን ስትሰማ ነው የምትከፍተው፣ ዛሬ ድምጿ ጠፋ። ልትታጠብ ገብታ ነበር፤ ወለሉ ያዳልጣል። ወድቃብኝ ይሆን?»

እኔ ነኝ እኮ፣ ልትል አፏን ከፈተች። እሱ ግን የራሰ ጸጉሯን አየና፣ የማያውቃትን ሴት ላለማሳፈር ዓይኑን ሰበር አደረገ። ብትነግረው፣ ውስጥ ያለችውን ሚስቱን ትቀማዋለች።

«ስሟ ማን ነው?» አለችው።

«ዊብኬ።»

ከጎኑ ቆመች። ከከረጢቱ የትኩስ ዳቦ ሽታ ይመጣል። እጇን አንሥታ በሩን አንኳኳች።

«ዊብኬ!» ብላ ተጣራች። «ዊብኬ፣ ክፈቺ!»

ሁለቱም ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው መልስ ጠበቁ።