ክቡራን ዳኞች

ሙንጎ ካርጊል መድረኩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ሲጠርግ አንድ የጎመን ግንድ ጆሮውን ታክኮ ያልፋል።

«ይቺ ሰላምታ ናት!» ይላል የወረወረው የተልባ ቃጫ አበጣሪ። «ሲከፋን ድንጋይ አለ!»

አደባባዩ ይስቃል። በዚህ ወደብ የፓርላማ ሰው የሚመርጡት ጥቂት ባለንብረቶች ናቸው፤ ከእነሱ በፊት ግን አደባባዩ ሁሉ እጁን ያወጣል። አደባባዩ ያፏጨበትን ሰው ባለንብረቱም ይሸሸዋል።

ሙንጎ የበርሜል ሠሪው የዴቪ ልጅ ነው። ኤድንብራ ውስጥ ተሟግቶ ስም ያተረፈ ጠበቃ ሆኗል። ዛሬ ለፓርላማ ሊወዳደር ተመልሶ የሚፈራው በተወለደበት ወደብ እንግዳ ሆኖ መገኘትን ነው።

አፉን ሲከፍት የችሎት ልማዱ ይቀድመዋል።

«ክቡራን ዳኞች...»

ፊቱ ያሉት ግን ዓሣ ሻጮች፣ መርከበኞችና ቃጫ አበጣሪዎች ናቸው። አለቀልኝ ይላል በልቡ።

ዓሣ ሻጯ ግሪዝል ቅርጫቷን ገልብጣ ትቀመጥበታለች። አገጯንም ቀና ታደርጋለች፤ ልክ እንደ ዳኛ።

«ችሎቱ ተከፍቷል!» ትላለች። «ባርኔጣ አውልቁ፣ እናንተ ስድ ሁላ!»

ባርኔጣዎቹ በሳቅ ይወልቃሉ።

«አንተ የዴቪ ልጅ፣ ለማን ነው የቆምከው?»

ሙንጎ ያዘጋጀውን ንግግር አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል።

«ለወደቡ ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

«ተከሳሹስ ማነው?»

«የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ።»

«መጥሪያ ደርሶታል?»

«እሱ መጥሪያ አይጠብቅም። በየክረምቱ ራሱ ይመጣል።»

«እውነቱን ነው!» ይላሉ መርከበኞቹ።

«ምን ይፈረድልህ ታዲያ?»

«ማዕበሉን የሚገታ የድንጋይ ግንብ። ጀልባዎቻችን ተኝተው የሚያድሩበት።»

«ጀልባዎቻችን?» ዓይኗን ጠበብ ታደርጋለች። «ያንተ ደግሞ የቷ ናት?»

ሙንጎ ወደ ባሕሩ ያያል።

«የአባቴ በርሜል የሌለባት ጀልባ የለችም፣ እትዬ ግሪዝል። እሱ በማስረጃነት ይያዝልኝ።»

የግሪዝል ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ይያዝለት!» ብሎ ይጮኻል የጎመኑ ሰውዬ፣ ከሁሉም ቀድሞ።

የምርጫው ሹም ወደ ፊት ይወጣል። «ካርጊልን የሚደግፍ እጁን ያውጣ!»

እጆች ይወጣሉ። ግሪዝል ሁለቱንም ታወጣለች።

«ሴቶች አውርዱ! ሴቶች አይቆጠሩም!» ይላል ሹሙ።

አንድም እጅ አይወርድም። መዳፎቹ ላይ የተጣበቀው የዓሣ ቅርፊት በጠዋቱ ፀሐይ ያብለጨልጫል፤ ሹሙም እንዳያጥበረብረው የራሱን እጅ ወደ ግንባሩ ያነሣል።