አጎቴ የዋጣት ቃል

«ኒካሁ ሲታሰር ይሄ ነገር ተነስቷል?» ይላሉ ቃዲው።

«እንዴታ!» እላለሁ። «አባቴ ስለሌለ ወሊዬ ሆኖ የዳረኝ አጎቴ ነበር። ልጅ እንደማልፈልግ ምስክሮቹ ፊት እንዲናገርልኝ አደራ ብዬዋለሁ። ይኸው አለ፣ ይጠየቅ።»

ባሌ ጣቱ ላይ የለጠፈውን ፕላስተር ይነካካል። መስታወት ቆራጭ ነው፤ ጣቱ ደህና ውሎ አያውቅም። ከመጋባታችን በፊት «እኔም ልጅ አያምረኝም» ብሎኝ ነበር። ዘንድሮ አማረው። ምን ይደረጋል።

አጎቴ መኪና መንዳት ያስተምራል። ቀኑን ሙሉ ተማሪዎቹ ላይ «ፍሬን! ፍሬን ያዝ!» እያለ የሚጮኸው ሰውዬ ዛሬ ድምፁ አልወጣ አለው።

«ጋሼ፣ ንገራቸው እንጂ!»

«ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ ሙሽሪት አልወልድም አለች ይባላል እንዴ?» ይላል ምንጣፉን እያየ። «አፈርኩ። ዋጥ አደረግኳት። ስታገባ ትተወዋለች ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ።»

መናደድ ነበረብኝ። ምንም አይመጣልኝም፤ ጥርስ ሊነቀል እንደደነዘዘ ድድ ነኝ።

«ልጅ የሁለታችሁም ሐቅ፣ የሁለታችሁም መብት ነው» ይላሉ ቃዲው። «ተስማምታችሁ ብትተዉት ማን ምን አገባው? አሁን ግን አንዳችሁ ፈልጓል። ተመካከሩ። ካልሆነም በመልካም ተለያዩ።»

ባሌ «እሺ» ይላል። እኔም «እሺ» ብዬ እወጣለሁ።

ደጅ አማቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ይሄን ሁሉ ዓመት ሆዴን እያዩ «አላህ ይስጥሽ» ሲሉኝ፣ እያወቁ የሚነካኩኝ ይመስለኝ ነበር። ስንቴ አኩርፌያቸዋለሁ! ለካ ምንም የሰሙት ነገር የለም።

ጫማዬን በሩ ላይ ፈልጌ አጣዋለሁ። ፀሐይ እንዳያግለው አንስተው ጥላው ውስጥ፣ እግራቸው ሥር አድርገውልኛል።

አጠገባቸው እቀመጣለሁ። «እማ፣ እኔ ልጅ አልፈልግም። መውለድ እምቢ ብሎኝ አይደለም። ድሮም አልፈልግም ነበር።»

ፊታቸው ላይ ቁጣ እፈልጋለሁ፤ የለም።

«ምናለ ያኔ ብትነግሪኝ» ይላሉ። «በየሶላቱ የማለቅሰው ላንቺ ብዬ እኮ ነው። አዘነች ብዬ።»

ጎንበስ ብለው ጫማዬን ወደ እግሬ ያስጠጉልኛል። አደርገዋለሁ። ቀዝቅዟል።